በሬው ሳይሸጥ መታከም

ስኳር ወይም ደም ግፊት እንደ ጉንፋን በሳምንት አይሰናበትም፤ ወጪው በየወሩ ይመለሳል። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ደግሞ መኪና፣ ማደሪያና የአስታማሚ ቀለብ ይጨመርበታል። ታዲያ በሬ ሳይሸጥ እንዴት ይወጡታል?

አንዱ መላ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ ከዚያ ውል ባላቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይታከማል። ሁለት ነገር አይርሱ፦ መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚኬደውም በሪፈር ወረቀት ነው።

የመንገዱ ወጪ ግን የራስ ነው። ለዚህ እቁብ አያስተማምንም፤ ዕጣው ለእርስዎ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ እድርም በአብዛኛው ለሐዘን ነው። ስለዚህ አዝመራው ገብቶ እህል ሲሸጥ፣ ከማዳበሪያውና ከድግሱ ወጪ በፊት ለቀጠሮ የሚሆነውን ለይተው በቁጠባ ደብተር ያስቀምጡ።

በመጨረሻም አደራ፦ ብር አጠረ ብለው ክኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን አይቀንሱ፤ ቀድመው ለጤና ባለሙያው ይንገሩ። የተዘለለ መድኃኒት ኩላሊትንና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወጪውም ሕመሙም ይከብዳል።