የዛፍ ሚዛን



ዛሬ የምንነጋገረው ዛፍ ስለ መግረዝ ነው። መግረዝ ማለት የማያስፈልገውን ቅርንጫፍ እየለዩ መቁረጥ ማለት ነው። ፖም በሚሲዮናውያን እጅ ወደ ጨንቻ ከገባ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ተስማምቶታል። ታዲያ ዛፉን መትከል አንድ ነገር ነው፤ ቅርጽ ማስያዝ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው።

ብዙ ሰው ዛፍ የሚያምረው ግራና ቀኙ እኩል ሲሆን ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት እኩል የወፈሩ ቅርንጫፎች ከአንድ ቦታ ወጥተው እንደ ባላ ሲቆሙ ለዓይን ደስ ይላሉ። ነገር ግን በመካከላቸው ቅርፊት ይቀበራል። እንጨቱ እርስ በርሱ አይያያዝም። ፍሬው ሲከብድና ነፋስ ሲጨመርበት ባላው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ግንዱን ይዞ ይወርዳል። የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ስለዚህ ገና ጣት ሲያክሉ አንዱን ቆርጣችሁ ሌላውን አሳድጉ።

ቅርንጫፍ ውፍረቱ ከግንዱ ግማሽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቀጠን ያለውን ቅርንጫፍ ግንዱ ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል። ቅርንጫፎቹም ፊት ለፊት አይውጡ። አንዱ በምሥራቅ ከወጣ፣ ሁለተኛው ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በሌላ በኩል ይሁን፤ ሦስተኛውም እንደዚሁ ዞር ይበል። የታችኞቹ ይርዘሙ፣ የላይኞቹ ይጠሩ። ይህ ከተገለበጠ የላይኛው የታችኛውን ፀሐይ ይከለክለዋል፤ ፀሐይ ያላገኘ ቅርንጫፍ ደግሞ ፍሬ አይሰጥም።

«ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ዛፉ አያጋድልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ውኃ የሞላ ጀሪካን በአንድ እጁ የያዘን ሰው እዩ። ባዶ እጁን ወደ ውጭ ይዘረጋል። ሁለቱ እጆቹ አንድ ዓይነት አልሆኑም፤ ሰውየው ግን አይወድቅም። በዛፍም በአንድ በኩል ያለ ረጅምና ቀጭን ቅርንጫፍ በሌላ በኩል ያለውን አጭርና ወፍራም ይመዝነዋል።

በጃፓን አገር ዛፍን በትንሽ የሸክላ ገበታ ውስጥ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ሙያው ቦንሳይ ይባላል። ዛፉ አንድ ክንድ ባይሞላም ያረጀ ዋርካ ይመስላል። የሚያሳድጉት ለፍሬ ሳይሆን ለማየት ነው፤ ሕጉ ግን ከእኛው ጋር ይገጥማል። ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከቁመቱ ሲሶ ላይ ይወጣል። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ቅርንጫፎችን እንደ ጉድለት ያዩታል። በእንዲህ ያለ አያያዝ ወደ 400 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያስቆጠረ አንድ ዛፍ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል በዚያው ከተማ ነበር፤ ተረፈ። በ1976 ለአሜሪካ ተሰጥቶ አሁን ዋሽንግተን ይገኛል።

ወደ ሥራችን እንመለስ። የምትቆርጡት ዛፉ ባረፈበት ጊዜ፣ አዲስ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ይሁን። መቀሱና መጋዙ ስለታም፣ ንጹሕም ይሁን። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚገናኝበት ቦታ እንደ አንገት ያበጠ ነገር አለ። አንገቱን አትንኩ፤ ቁስሉን የሚያድነው እሱ ነው። ረጅም ጉቶም አትተዉ፤ ይበሰብሳል። ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን አስቀድማችሁ ከታች በኩል ትንሽ ገዝግዙት፤ አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይወርዳል። ከመቁረጣችሁ በፊትም አሥር እርምጃ ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ።

ወደ ቆላው፣ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ሽፈራው አለ፤ በጋሞኛ ሀለኮ የምትሉት። እሱን የምንፈልገው ለቅጠሉ ስለሆነ ሕጉ ይላላል። ጫፉን ቆርጣችሁ እጅ በሚደርስበት ቁመት ብትይዙት ከጎን እየበዛ ይበቅላል። ብቻ ለወጥ ስትቀጥፉ ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ ቀን አታራቁቱ። ዛፉ ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነውና ጥቂቱ ከነቅጠሉ ይቅርለት።