የሚደበቀው የወንዶች ሕመም



ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ ስለማይናገረው ችግር ነው። ነገሩ የትዳርና የጤና ጉዳይ ነውና አንፈር። አንዳንድ ወንድ ከሚስቱ ጋር ሲተኛ ብልቱ አልቆም ይለዋል። ወይም ይቆምና ወዲያው ይደክማል። አንድ ቀን ሥራ ወይም ሐሳብ አድክሞት ከሆነ በሽታ አይባልም። ወራት ከቆየ ግን ሕመም ነው። ስሙም ስንፈተ ወሲብ ይባላል። እርግማን አይደለም፤ የሰው ዓይንም አይደለም።

እስቲ አንድ አባወራ እናስብ። ይህ ችግር ደረሰበት። ለሚስቱ አልነገራትም። ሲመሽ «ከብት ልይ» ብሎ ይወጣል፤ እሷ ከተኛች በኋላ ይገባል። እሷ ደግሞ «ጠልቶኛል፤ ሌላ ሴት ይዟል» ትላለች። በቤቱ ኩርፊያ ገባ። እሱ ገበያ ወርዶ ፍየል ሸጠና ምንነቱ ያልታወቀ ክኒን ገዛ። ፍየሏም ሄደች፤ ሕመሙም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ብልት የሚቆመው እንዴት ነው? አጥንት የለውም። የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። ውሃ በቦይ መርተን ስናጠራቅም ምን እናደርጋለን? መግቢያውን እንከፍታለን፤ መውጫውን እንደፍናለን። መውጫው ካልተደፈነ ውሃው አይጠራቀምም። የደሙም ነገር እንዲሁ ነው። የገባው ደም ቶሎ እንዳይመለስ ከሚያግዙት አንዱ ከመቀመጫችን በታች ያለው ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ከብልት ሥር እስከ ፊንጢጣ ይደርሳል። እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥሮ ፊኛንና አንጀትን ከታች ይደግፋል። ጠፍሩ ሲላላ አልጋው ይረግባል። ጡንቻውም ሲላላ ደሙ ቶሎ ይመለሳል።

የላላ ጠፍር እንደሚወጠር ሁሉ፣ የላላ ጡንቻም በልምምድ ይጠነክራል። ይህ ሕክምና ቀዶ ጥገና የለበትም። በእንግሊዝ አገር ግሬስ ዶሬይ የተባሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከሐኪሞች ጋር ሆነው 55 ወንዶችን በዚህ ልምምድና በአኗኗር ምክር ረዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ ወጣ። ከ6 ወር በኋላ ከ10 ሰዎች 4ቱ ወደ ቀድሞ ጤናቸው ተመለሱ። ሌሎች ብዙዎችም ተሻላቸው። ከ4 ሰዎች አንድ ያህሉ ግን ለውጥ አላገኙም። እንግዲህ ልምምዱ ብዙዎችን ይረዳል፤ ሁሉን ሰው ግን አያድንም።

አሠራሩ ይህ ነው።

1. በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። በሰው ፊት ፈስ እንዳያመልጣችሁ እንደምትይዙት አድርጋችሁ ጡንቻውን ወደ ላይ ሳቡ። በትክክል ከሳባችሁት ብልት ከሥሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቆለጥም ከፍ ይላል።

2. እስከ 10 ቆጥራችሁ ልቀቁት። 10 ካቃታችሁ በ3 ወይም በ4 ጀምሩ። ከለቀቃችሁ በኋላ ጥቂት አሳርፉት።

3. ተኝታችሁ 3 ጊዜ፣ ተቀምጣችሁ 3 ጊዜ፣ ቆማችሁ 3 ጊዜ ሥሩ። ይህን ጧትና ማታ አድርጉ።

ስትሠሩ ትንፋሽ አትያዙ። ሆድንና መቀመጫን አታጥብቁ። ሽንት እየሸናችሁም አትለማመዱ። ዛሬ ተዘርቶ ነገ አይታጨድም። የዚህም ፍሬ የሚታየው ከወራት በኋላ ነውና በሳምንት አትተዉት። ስትሠሩ ሕመም ከተሰማችሁ ግን አቁሙና ባለሙያ ጠይቁ። ጡንቻው ከመላላት ይልቅ ተኮማትሮ የሚያማቸው ሰዎችም አሉ። ለእነሱ የሚያስፈልገው ጡንቻውን ማላላት ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ይህ ችግር የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የደም ሥር መጥበብ፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ጭንቀትም ያመጡታል። አንዳንድ ጊዜ የልብ በሽታ ከመታየቱ በፊት ብልት ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ክኒንም ከገበያ አትግዙ። ለዚህ ችግር የሚሰጠው ክኒን ከአንዳንድ የልብ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ሰው ሊገድል ይችላል።

ወንድሞች፣ ለሚስቶቻችሁ ንገሩ። እህቶች፣ ባላችሁ ሲነግራችሁ አትዘኑበት፤ አትሳቁበትም። ያ አባወራ የመጀመሪያውን ማታ «አሞኛል» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ፍየሏም በበረቷ ትኖር ነበር፤ ቤቱም ኩርፊያ አይገባበትም ነበር።