ሚሌ፤ ከአምባሰል ጥግ እስከ አዋሽ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የሳይቤሪያው ለና ወንዝ በክረምት በረዶ ለብሶ ወደ ሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ እንደሚወርድ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ተምረናል፤ ለፈተናም ሸምድደነዋል። ነገር ግን ሐይቅና አምባሰል ተወልደን ያደግነውን፣ ከቤታችሁ በላይ የሚዘንበው ውሃ ወዴት ይሄዳል ብሎ የጠየቀን መምህር የለም። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ውሃ፣ ይልቁንም ስለ ሚሌ ወንዝ ነው።

የአምባሰል ተራራ ውሃን ይከፍላል። በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ በሽሎ ይገባል፤ በሽሎ ለዐባይ ያስረክበዋል፤ ዐባይም ሱዳንንና ግብፅን አጠጥቶ ወደ ሜድትራንያን ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል የወረደው ግን ባሕር አያይም። ሚሌ ተቀብሎ ለአዋሽ ይሰጠዋል፤ አዋሽም የአፋርን ምድር አቋርጦ በጅቡቲ ወሰን ካለው ከአቤ ሐይቅ ይገባና እዚያው በፀሐይ ተንኖ ይቀራል። አንድ ደመና ያዘነበው ውሃ እንዲህ ይለያያል።

ከሁለቱም ያልሆነ ውሃ ደግሞ አለ። ከአርድቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው የአንከርከሃ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይገባል። ሐይቃችን ወደ 80 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ዛሬ መውጫ የለውም፤ በጥንት ዘመን ግን ሞልቶ ወደ ሚሌ ይፈስ እንደ ነበር የምድር ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ውሃው መቀነሱን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል።

ሚሌ ከሱሉላ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣል። በመጀመሪያ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ወደ ደቡብ ዞሮ ከአዋሽ ይገናኛል። ጋቢ ከሚያስለብስ ብርድ ተነሥቶ ግመል ከሚሰማራበት ቆላ ይደርሳል ማለት ነው። የማዕድን መሐንዲሱ ኔስቢት በ1928 እ.ኤ.አ. ደናክልን ሲያቋርጥ በወንዙ ትልቅነት ተደንቆ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሚሌ ወረዳ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የራስ ቅል ተገኝቷል። የኛ የዘር ሐረግ ቆጠራ እስከ ሰባት ቤት ብቻ ነው!

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። በክረምት ሚሌ ቀልቶ ሲወርድ የምናየው መልክ አፈር ነው። ደገኛው ገደሉን ሳይቀር መንጥሮ ባረሰ ቁጥር ዝናቡ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ በአንድ ጊዜ ጎርፎ ይሄዳል፤ በበጋ ምንጩ ይሳሳል፤ በታች ያለው የአፋር ከብት አርቢ መጀመሪያ ጎርፍ፣ ኋላም ጥም ይደርሰዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ደገኛውም አፋሩም አልቋል። ደገኛና ቆለኛ በገበያ ሲገናኙ ስለ ጨውና ስለ እህል ይነጋገራሉ፤ ስለ ዳገቱ እርሻ ግን መነጋገር አለባቸው እንላለን።

ከሱሉላ እስከ አቤ ያለውን አካሄድ በእጃችን በሣልነው ካርታ ላይ አሳይተን በግድግዳው ላይ ለጥፈነዋል። ወደ ሚሌ የሚገቡትን ትንንሽ ወንዞች ስም የምታውቁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በእርሳስ ጻፉበት።