የቪዛ ቀናችንን እንቁጠር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍሉ ሲነሳ የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ዘገባ ነው። እሱን ባለፈው ስብሰባ አቅርበናል። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሌላ ሂሳብ፣ ስለ ቀን ሂሳብ ነው። እዚህ አሜሪካ በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ የምንኖር በመካከላችን አለን። የእቁባችን ተራ መቼ እንደሚደርስ አንዘነጋም። ቪዛችን ስንት ቀን እንደቀረው ስንጠየቅ ግን «ጠበቃው ያውቃል» እንላለን። ጠበቃው ብዙውን ጊዜ አሠሪው የቀጠረው ነው፤ ቀኑ ካለፈ ግን ሻንጣ የምናዘጋጀው እኛ ነን።

የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም። የሕግ ምክር የሚሰጠው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው። ቀን መቁጠርና ወረቀት መሰብሰብ ግን የእኛ ሥራ ነው፤ እሱን ማንም አይሠራልንም።

መጀመሪያ የቱን ቀን እንደምንቆጥር እንወቅ። ፓስፖርታችን ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያገለግለው ወደ አገሩ ለመግባት ነው። ከገባን በኋላ እስከ መቼ መቆየት እንደምንችል የሚያሳየው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማውጣት ይቻላል።

አንዲት አባላችን የሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ ይዛ ስትገባ ፓስፖርቷ ሊያበቃ ሰባት ወር ቀርቶት ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ሹም አይ-94ቱን ፓስፖርቱ እስከሚያበቃበት ቀን ብቻ ሰጣት። እሷ ፓስፖርቷን አሳድሳ «በቃ፣ ተገላገልኩ» ብላ ተቀመጠች። ፓስፖርት ሲታደስ ግን አይ-94 አብሮ አይታደስም። ይህን ያየነው ለብድር ያመጣችውን ወረቀት ስናገላብጥ፣ 19 ቀን ሲቀረው ነው። አሠሪዋ የማራዘሚያውን ማመልከቻ በጊዜው አስገባላት። ሳናይ ቀርተን ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ሥራ እየሄደች ሳታውቀው ሕግ ተላላፊ ትሆን ነበር። ከ180 ቀን በላይ ያለፈቃድ ቆይታ ከአገር የወጣች ሰው ለ3 ዓመት እንዳትመለስ ትታገዳለች፤ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ እገዳው 10 ዓመት ነው።

ሁለተኛው የስድስት ዓመቱ ገደብ ነው። ኤች-ዋን-ቢ የሚባለው የሙያ ሥራ ቪዛ መጀመሪያ እስከ 3 ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ ይታደሳል፣ በድምሩ 6 ዓመት ሲሆን ያበቃል። አሠሪ መቀየር ቆጠራውን እንደገና አያስጀምረውም። ከአንድ ኩባንያ የውጭ ቅርንጫፍ ተዛውራ በኤል-ዋን የመጣች ሴት ወደ ኤች-ዋን-ቢ ብትቀየርም የኤል-ዋኑ ጊዜ አብሮ ይደመርባታል። አዲስ ስድስት ዓመት የሚገኘው ቢያንስ 1 ዓመት ከአገር ውጭ ከኖሩ በኋላ ነው።

ሆኖም ከአገር ውጭ የዋልንበት ሙሉ ቀን ከስድስት ዓመቱ ውስጥ አይቆጠርም። ይህን የማናውቅ ብዙ ነን። ሌላዋ እህታችን ነገር የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ለግሪን ካርድ ሂደት የተጀመረላት ሠራተኛ ከስድስት ዓመት በላይ እንድትቆይ ይፈቅዳል። አንዱ መንገድ አሠሪዋ ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ የሚያቀርበው፣ ፐርም የሚባለው ማመልከቻ ከገባ 365 ቀን መሙላቱ ነው። የእሷ አሠሪ ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ ያስገባው ስድስት ዓመቷ ሊሞላ 300 ቀን ሲቀረው ነበር። 65 ቀን ጎደለ። «ወደ አገርሽ ለመመለስ ተዘጋጂ» ተባለች። የቤት ዕቃዋን መሸጥ ጀምራ ነበር።

ፓስፖርቷን ይዛ መጣች። እንደ ደረሰኝ ገጽ በገጽ ገለጥነው። ለእህቷ ሠርግ 24 ቀን። ለገና 31 ቀን። እናቷ ታመው ልታስታምም ሄዳ፣ ቀብረው አርባቸውን እስኪያወጡ 68 ቀን። ለሙት ዓመታቸው 40 ቀን። የሄደችበትንና የተመለሰችበትን ቀን ሳንቆጥር ድምሩ 163 ሆነ። የጎደላት 65 ብቻ ነበር።

እነዚህ ቀናት ግን በራሳቸው አይመለሱም። በማስረጃ መጠየቅ አለባቸው። የፓስፖርት ማኅተም፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የጉዞ ታሪክ አሰባስበን ሰንጠረዥ ሠራንላት። ለራሷ ጠበቃ የሚከፈለውን ከአደጋ ጊዜ ፈንዳችን አበደርናት። ቀናቱ ተመለሱላት፣ 365ቱ ሞላ፣ ማራዘሚያውም ተፈቀደ። ብድሩን በስምንት ወር ከፍላ ጨርሳለች። ያን ቀን «እናቴን ልቅበር ብዬ የሄድኩበት ቀን ነው ያተረፈኝ» ስትል ሁላችንም አለቀስን።

ሦስተኛው ከአንድ ቪዛ ወደ ሌላ መቀየር ነው። በባሏ ኤች-ዋን-ቢ ምክንያት በኤች-ፎር የመጣች አንዲት አባላችን ሦስት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ ሥራ የሚሰጣት ድርጅት አገኘች። እሷ ግን «ከስድስቱ ሦስቱ አልቆብኛል» ብላ ልትተወው ነበር። በኤች-ፎር የቆየችበት ጊዜ በራሷ ኤች-ዋን-ቢ ላይ አይቆጠርም፤ ሙሉ ስድስት ዓመት አላት። ሆኖም ይህ ቪዛ በዓመት 65,000፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ላላቸው ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ብቻ ነው፤ ምዝገባውም በመጋቢት ወር ገደማ ይካሄዳል። ያ ወር ካለፈ፣ እንደ ዩኒቨርሲቲ ካሉ ከኮታው ውጭ ከሆኑ አሠሪዎች በቀር፣ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው።

ዲፕሎማ ያለን ሰዎችም ተስፋ አንቁረጥ። ሥራው የባችለር ዲግሪ ወይም አቻውን ይጠይቃል። በሙያው የሠራንበት 3 ዓመት እንደ 1 ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ተቆጥሮ አቻነት ሊመዘን ይችላል። ስለዚህ ከአገር ቤት አሠሪዎቻችን የሥራ ልምድ ደብዳቤ እናስመጣ።

የቅያሪው ማመልከቻ ገና መልስ ሳያገኝ ከአገር ከወጣን ቅያሪው እንደተተወ ይቆጠራል። ቅያሪው ከተፈቀደ በኋላም ወደ አገር ቤት ብንሄድ፣ ለመመለስ አዲሱን ቪዛ ከኤምባሲ ማስመታት ያስፈልገናል። ሥራ ያጣች እህት ደግሞ አሠሪ ለማግኘት፣ ቪዛ ለመቀየር ወይም ለመውጣት እስከ 60 ቀን አላት፤ አይ-94ቷ ከዚያ በፊት የሚያበቃ ከሆነ ግን እስከዚያው ብቻ ነው። ያን ጊዜ በኀፍረት ቤት ዘግተን አንቀመጥ። በመጀመሪያው ቀን እንደዋወል።

እህቶቻችን፣ የምንጠይቃችሁ ቀላል ነው። አንድ ደብተር ግዙ። የአይ-94ና የፓስፖርት ማብቂያችሁን፣ ኤች-ዋን-ቢ የጀመራችሁበትን ቀን፣ የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ቀን ሁሉ ጻፉ። እዚህ ወር ከቀን ስለሚቀድም 04/07 ሲባል አንዳንዶቻችን ሰኔና ሐምሌን ከመጋቢትና ሚያዝያ እናምታታለን፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ወሩን በስሙ ጻፉት። ቲኬት አትጣሉ። አምስተኛው ዓመት ከማለቁ በፊት የግሪን ካርዱን ነገር አሠሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።

ወዳጆቻችን ደጋፊዎች፣ ለአደጋ ጊዜ ፈንዱ የምትሰጡት ገንዘብ ለምን እንደሚውል ሰምታችኋል። በብድር ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ለሚቀጥለዋ እህት ይደርሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ከስብሰባው በኋላ ከሻይ ጠረጴዛው አጠገብ እንቀመጣለን። ፓስፖርታችሁን የያዛችሁ ኑ፣ አብረን እንቁጠር።