ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ

(በከዚራ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ከስፔን የሚመጡት ለጋሾቻችን የተዘዋዋሪ ብድሩን አዲስ ውል ይዘው ሊጎበኙን ነው። ስለዚህ ጥቂት የስፓኒሽ ጥያቄዎችን አብረን እንድንማር ሐሳብ አቅርበናል። «እንግሊዝኛውን መች ጨረስንና ሌላ እንጀምራለን?» ያላችሁን እናቶች ሰምተናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሳችንን እነሆ።

እኛ የድሬ ሰዎች ቋንቋ የምንጀምረው ከጥያቄ ነው። ቀፊራ ገበያ በኦሮምኛ «ሜቃ?»፣ በሶማሊኛ «ኢሚሳ?» ማለትን ክፍል ገብተን አልተማርንም፤ ዋጋ ሳይጠይቁ መግዛት ስለማይቻል ለመድነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህም ፈረንሳይኛ ለረጅም ዘመን የምድር ባቡር የሥራ ቋንቋ ሆኖ ኖሯል። ስፓኒሽም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር፤ ከዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው በዚሁ ቋንቋ ተምረዋል።

ደግሞ አክብሮቱ የእኛኑ ይመስላል። ለእኛ «እርስዎ» እንዳለን ለእነሱም «ኡስቴድ» አላቸው። እኛ «እርስዎ ይፈርማሉ»፣ «እሳቸው ይፈርማሉ» ስንል ግሡ አንድ ነው፤ በስፓኒሽም ለ«ኡስቴድ» የሚነገረው ግሥ ስለ ሌላ ሰው የሚነገረው ነው። በሥራ ቦታና ለማናውቀው ሰው በ«ኡስቴድ» እንጠይቅ። መጀመሪያ ግን ሰላምታ፦ «ቡዌኖስ ዲያስ»፤ እንደምን አደሩ።

ለጊዜው አምስት ጥያቄዎች ይበቁናል፦

1. «ፖድሪያ ሬፔቲር ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር?» እባክዎ ቀስ ብለው ሊደግሙልን ይችላሉ?

2. «ኬ ሲግኒፊካ ኤስታ ፓላብራ?» ይህ ቃል ምን ማለት ነው?

3. «ኬ ጋስቶስ ኩብሬ ኤል ኮንቤኒዮ?» ውሉ የትኞቹን ወጪዎች ይሸፍናል?

4. «ፓራ ኬ ፌቻ ኔሴሲታ ኤል ኢንፎርሜ?» ሪፖርቱን ለየትኛው ቀን ይፈልጉታል?

5. «ዶንዴ ፊርሞ?» የት ልፈርም?

አምስተኛዋ ቀላል ናት፤ ፊርማ በእነሱም «ፊርማ» ነው። ግን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥናት ሆን ብለን ነው። ከፊቷ ያሉት አራቱ ሳይመለሱ አትጠየቅም።

ከሁሉ የምትበልጠው ሦስተኛዋ ናት። የመዝገብና የደረሰኝ ማሳተሚያ፣ የትራንስፖርት፣ የሥልጠና ሻይ ቡና በውሉ ይሸፈናል ወይ? ውሉ የማይሸፍነው ወጪ የትም አይጠፋም፤ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ቁጠባችን ነው። ያ ቁጠባ ደግሞ ጉልት ላይ የዋለች፣ እንጀራ ጋግራ የሸጠች እህት በየሳምንቱ የምታመጣው ብር ነው።

«አስተርጓሚ አለን» ለምትሉም፣ አዎ አለን፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን አስተርጓሚ የሚተረጉመው የተጠየቀውን ነው፤ እኛ ያልጠየቅነውን አይጠይቅልንም። መልሱን በአስተርጓሚ እንሰማለን፤ ጥያቄውን ግን ራሳችን እናቅርብ። እንግዶቹም ገንዘቡ ባለቤት እንዳለው ከዚያ ያውቃሉ።

ደጋፊዎቻችን ይህን እንደ አለመተማመን እንዳትቆጥሩብን። ቀድሞ የጠየቀ በኋላ ሪፖርቱ አያስቸግረውም፤ ለእናንተም ለእኛም እፎይታ ነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ የቁጠባ ገንዘብ ከተሰበሰበ በኋላ 20 ደቂቃ እንመድብ። ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዷ እንግዳ አንዷ አባል ሆና እንለማመድ። መጻፍ የማትችል እናት በቃል ትያዝ፤ «ሜቃ»ንም የያዝናት በቃል ነው። እንግዶቹ ሲመጡም ጠያቂዎቹ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ብቻ አይሁኑ። ከየቡድኑ አንድ አንድ እናት ተነስታ ትጠይቅ፤ መልሱን በቃለ ጉባኤ እንይዛለን።