ከማቆምሽ በፊት ተናገሪ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ርዕስ «ትምህርትና የእኛ ሴቶች» የሚል ነው። ሰፊ ስለሆነ ከውስጡ አንዱን ብቻ ልምዘዝ። እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ የገባች እህታችን ትምህርቷን ስታቋርጥ ምን ታጣለች? ሕጉስ ምን ይፈቅድላታል? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? ይህን የመረጥኩት ከመካከላችን ትምህርት የጀመሩት ብዙ፣ የጨረሱት ግን ጥቂት ስለሆኑ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አለመሆኑን እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ሸክሙን በሰዓት እንቁጠረው። አንድ ክሬዲት ማለት 15 ሳምንት ገደማ በሚቆይ ሴሚስተር ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ክፍል መግባት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ደግሞ ከክፍል ውጭ ማጥናት ነው። ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይፈልጋል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህም በሳምንት 36 ሰዓት ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠራ እናት 12 ክሬዲት ስትይዝ ሳምንቷ 76 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ልጅ ማድረስ፣ ወጥ መሥራት፣ አገር ቤት መደወል ገና አልተቆጠረም።

በዚያ ላይ 12 ክሬዲት መያዝ በአራት ዓመት አያስመርቅም። የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። በስምንት ሴሚስተር ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 ያስፈልጋል። በ12 የምትሄድ ልጅ አምስት ዓመት ይፈጅባታል፤ ማንም ግን ዘገየች አይላትም። ታዲያ በ6 ክሬዲት የምትሄደው እናት ለምን ታፍራለች?

የምታፍረው ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው አስተሳሰብ ይመስለኛል። እዚያ ተማሪ በባች ይገባል፣ በባች ይመረቃል። ዊዝድሮዋል የሞላች ልጅ ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ሲወጡ ከቤት አትወጣም። ነገር ግን እዚያም ቢሆን የዲግሪ ርዝመት ከሰማይ የወረደ አይደለም። አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው አብዛኛው ዲግሪ ወደ ሦስት ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ አራት ተመልሷል። ሰው የወሰነው ቁጥር ነው። እዚህ አገር የሚቆጠረው ዓመቱ ሳይሆን ክሬዲቱ ነው፤ ያጠራቀምሽው ክሬዲት ይጠብቅሻል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። ኮሌጅ ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። እቁብ የገባን ሁላችን እናውቀዋለን፤ «በዚህ ወር አልቻልኩም» ብላ ለዳኛው የምትናገርና ስልኳን ዘግታ የምትጠፋ ሴት እኩል አይታዩም። ለመጀመሪያዋ መላ ይፈለግላታል፤ ሁለተኛዋ ስሟ ይጠፋል። የኮሌጅ ሕግም እንደዚያው ነው።

በቅደም ተከተል እንየው። ኮርሱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ መቀየርና መተው በሚፈቀድበት ጊዜ ውስጥ ብትተዪው፣ በአብዛኛው ገንዘቡ ይመለሳል፤ በውጤት ወረቀትሽ ላይም አይታይም። ከዚያ በኋላ ግን ኮሌጁ እስከወሰነው ቀን ድረስ በጽሑፍ ብትተዪው «ደብልዩ» ይጻፍብሻል። ደብልዩ አማካይ ነጥብሽን አይነካም። ሳትናገሪ ብትጠፊ ግን «ኤፍ» ይሆናል፤ ኤፍ ነጥቡን ያወርዳል፣ ዓመታትም ይከተልሻል።

ከገንዘብ በኩል ደግሞ የፌዴራል ዕርዳታ የምትወስድ ተማሪ የሴሚስተሩን 60 በመቶ ሳታልፍ ሁሉንም ኮርስ ካቆመች፣ የሚገባት ዕርዳታ በቆየችበት ቀን ልክ ብቻ ነው። የቀረው ይመለሳል፤ ኮሌጁም የመለሰውን ከእሷ ሊጠይቅ ይችላል። በ15 ሳምንት ሴሚስተር 60 በመቶ ማለት ዘጠኝ ሳምንት ነው። እንግዲህ ሁለት ሴቶች በአሥራ አንደኛው ሳምንት አቆሙ እንበል። አንዷ ሬጂስትራር ቢሮ ሄዳ አስታወቀች፤ ዕርዳታዋ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው። ሌላዋ ዝም ብላ ቀረች። መገኘትን የማይመዘግብ ኮሌጅ ከሆነ የወጣችበት ቀን የሴሚስተሩ አጋማሽ ተደርጎ ሊቆጠርባት ይችላል፤ ያኔ ከዕርዳታዋ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ዕዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የተማሩት እኩል ነው። የለያያቸው አንድ ወረቀት ነው።

ብድር ያለባችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ከ6 ክሬዲት በታች ስትወርዱ የስድስት ወር የፋታ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል፤ ሲያልቅ ክፍያ ይመጣል። ኮሌጁ «እረፍት ውጪ» ብሎ ቢፈቅድላችሁም የብድሩ ሰዓት ላይቆምላችሁ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቢሮ ጠይቁ፤ ሬጂስትራሩንም፣ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውንም። ብዙ ጊዜ ሁሉንም ከመተው ሁለት ኮርስ ይዞ መቆየት ይሻላል።

ለነፍሰ ጡር እህቶቻችን የተለየ ጥበቃ አለ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ፣ ታይትል ናይን በሚባለው ሕግ መሠረት፣ ሐኪም አስፈላጊ ነው ላለው ጊዜ ያህል ለእርግዝናና ለወሊድ ፈቃድ መስጠት አለበት። ስትመለሺም ወደነበርሽበት ደረጃ ይመልስሻል። «ወልጄ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ» ማለት አያስፈልግም።

በዝግታ መማርም ቢሆን ገደብ አለው፤ ገደቡን ማወቅ ደግሞ ያረጋጋል። ለዕርዳታ ሲባል የሚፈቀደው ከዲግሪው ክሬዲት አንድ ተኩል እጥፍ መሞከር ነው፤ ለ60 ክሬዲቱ አሶሼት ዲግሪ 90፣ ለ120ው 180። አብዛኞቹ ኮሌጆች ከሞከርሽው ሁለት ሦስተኛውን እንድታልፊም ይጠይቃሉ። ደብልዩ እንደተሞከረ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ደብልዩም ቢሆን ነጻ አይደለም። ከመስመር ብትወጪ በሕመም፣ በቤተሰብ ሞት ወይም በሌላ ከባድ ችግር ምክንያት ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል። የሐኪም ወረቀት፣ የሞት ማስረጃ አትጣሉ። ለቅሶ አገር ቤት ደርሳችሁ ከሆነ የአውሮፕላን ቲኬቱንም አስቀምጡ።

ፔል ግራንትም በዕድሜ ዘመን የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ገደብ አለው። ነገር ግን 6 ክሬዲት የያዘች ግማሹን ነው የምታገኘው፤ የሚቀነስባትም ግማሽ ብቻ ነው። በዝግታ የምትሄደውን ሕጉ አይቀጣትም። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ግን ይህ የዝግታ ምክር ለእናንተ አይሆንም። እናንተ 12 ክሬዲት መያዝ ግዴታችሁ ነው፤ አንድ ኮርስ ከመተዋችሁ በፊትም የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን ፈቃድ ማግኘት አለባችሁ። አለበለዚያ የሚጠፋው ሕጋዊ የተማሪነት ስታተሳችሁ ነው።

እስካሁን ስለ ኮሌጅ ሕግ ተናገርኩ። አሁን ስለ ራሳችን ሕግ ልናገር፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

የማኅበራችን የትምህርት ድጋፍ የሚሰጠው 12 ክሬዲት ለያዘች አባል ብቻ ነው። ሕጉን ያወጡት እህቶች ክፉ አላሰቡም፤ ገንዘቡ ቁም ነገረኛ ለሆነች ተማሪ እንዲደርስ ብለው ነው። ውጤቱን ግን እዩት። 40 ሰዓት የምትሠራዋን እናት ከደጅ ይመልሳታል። ወይም ደግሞ ድጋፉን ለማግኘት ከአቅሟ በላይ 12 ክሬዲት እንድትይዝ ይገፋፋታል፤ ከዚያ በኅዳር ወር ሁሉንም ጥላ ትጠፋለች። በክፉ ቀን እንድንደጋገፍ ያቋቋምነው ማኅበር የፌዴራል መንግሥቱ ለግማሽ ጊዜ ተማሪ የሚፈቅደውን ያህል እንኳ አልፈቀደም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ድጋፉ ከ6 ክሬዲት ጀምሮ ይሰጥ፤ በሴሚስተሩ መጨረሻም ያለፈችው ክሬዲት ይታይ እንጂ ስንት ዓመት እንደፈጀባት አይጠየቅ። በ6 ክሬዲት፣ በበጋው አንድ ኮርስ ጨምራ የምትማር እናት በዓመት 15 ታጠራቅማለች፤ አሶሼት ዲግሪዋን በአራት ዓመት ትይዛለች። ሁለተኛ፣ ከድጋፉ ገንዘብ ላይ ትንሽ ለድንገተኛ ችግር ይቀመጥ፤ ሕፃን ጠባቂ የጠፋባት ወይም መኪናዋ የተበላሸባት እህት በዚያ ምክንያት ሴሚስተር እንዳታጣ። ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ማንኛዋም አባል ትምህርት ከማቆሟ በፊት አንዲት እህት አብራት ወደ ቢሮው ትሂድ። እንግሊዝኛው ለከበዳት አስተርጓሚ፣ ለፈራች ደግሞ አጋር ትሆናታለች።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ በየዓመቱ «ዘንድሮ ስንት ተመረቁ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ መብታችሁ ነው። ከአሁን ወዲያ ግን «አምና ከጀመሩት ዘንድሮ ስንቶቹ አሉ?» ብላችሁም ጠይቁን። ለሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ ካለን የመጀመሪያው በጊዜው ይመጣል።

ሥራ አመራር ኮሚቴው ሐሳቡን በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ እንዲያቀርብልን እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን በዚህ ሴሚስተር ላቁም ወይስ ልቀጥል እያለች የምታስብ እህት ካለች፣ ዛሬ ከአዳራሹ ከመውጣቷ በፊት ታናግረኝ።