ነጩን ከመግዛታችን በፊት አረንጓዴውን እንየው

(የማኅበራችን ሒሳብ ሠራተኛ፣ በጠቅላላ ጉባኤው የእድሳት በጀት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያቀረበችው ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መታጠቢያ ቤት ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ስለ ባኞ ቤት ምን አገባት የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚያገባኝ ለማረፊያ ቤታችን እድሳት ከያዝነው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚጠይቀው ያ ትንሽ ክፍል ስለሆነ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ወርኃዊ መዋጮና የለጋሾቻችን አደራ ነው።

ቤቱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለስልጠና ጎሮ የሚመጡ እናቶች እንዲያድሩበት አንድ ቤተሰብ የሰጠን አሮጌ ቤት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ባኞ፣ የእጅ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ ከነፍላሹ አሉ። ሦስቱም አንድ ቀለም ናቸው፤ የአቮካዶ ሥጋ ከልጣጩ የሚገናኝበት ዓይነት አረንጓዴ። የቀድሞው ባለቤት ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ያስመጧቸው ናቸው። ግድግዳው ቀለሙ ተልጧል፣ በባኞው ዙሪያ የነበረው ሴራሚክ ረግፏል፣ አምፖሉ ደብዛዛ ነው። ስለዚህ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ይህን አረንጓዴ አውጥታችሁ ጣሉት» ነው።

በኮሚቴው ስብሰባ አንዲት እናታችን «ለእንግዳ ያረጀ ዕቃ ማቅረብ ነውር ነው» ብለዋል። ቃላቸውን አከብራለሁ፤ የእንግዳ ክብር የማኅበራችን ስም ነው። ነገር ግን እንግዳን የሚያሳፍረው ቆሻሻ፣ ሽታና የውሃ እጦት እንጂ የዕቃው ዕድሜ አይመስለኝም። እኔ የማቀርበው ሐሳብ አረንጓዴውን ዕቃ ባለበት ትተን ክፍሉን በእሱ ዙሪያ እንድናሳምር፣ የሚተርፈውን ገንዘብ ደግሞ ለውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶና ለሁለተኛ ሽንት ቤት እንድናውል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ልናገር። ባለቀለም የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የአንድ ዘመን ኩራት ነበር። ኮህለር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ባለቀለም ዕቃ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። በ1950ዎቹ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባለቤት ሮዝ ቀለም ስለሚወዱ ብዙ የአሜሪካ ቤቶች ሮዝ ባኞ አስገቡ። በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር ተራው የአቮካዶ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ወደ ነጭ ተመለሰ፣ አረንጓዴውም መሳቂያ ሆነ። አሁን ደግሞ አሮጌውን ፈልገው የሚገዙ ሰዎች አሉ። ፋሽን እንዲህ ነው፤ እሱን እየተከተለ ዕቃ የሚቀያይር ማኅበር ካዝናው አይሞላም።

በአገራችንም የቆየ መታጠቢያ ቤት በክብር የተቀመጠበት ቦታ አለ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰው ከመስቀሉ፣ ከሥዕሉና ከዕደ ጥበቡ ጋር የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ያያል። ያን ቤት ቢሮና መማሪያ ክፍል ሲያደርጉት መታጠቢያውን ሰብሮ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ስለተተወ ዛሬ ሰው ከፍሎ ያየዋል። የእኛ ቤት ቤተ መንግሥት አይደለም። ቢሆንም አሮጌ የሆነ ሁሉ የሚጣል እንዳልሆነ ከዚያ መማር እንችላለን።

እንዲህ ያለው የሸክላ ዕቃ ቀለሙ እንደ ግድግዳ ቀለም ከላይ የተቀባ አይደለም። መስተዋት ከሚመስለው ልባስ ጋር በከፍተኛ ሙቀት እሳት ውስጥ የገባ ነው፤ ስለዚህ በፀሐይም በእጥበትም አይለቅም። በእኛ ዕቃ ላይ የምታዩት መደብዘዝ ቆሻሻና የኖራ ቅርፊት ነው፤ በማንቆርቆሪያ ሥር የሚጠራቀመው ነጭ ነገር ዓይነት ማለት ነው። ባኞው ግን ብረት ነው፣ ላዩ ኢናሜል ነው። ማግኔት ብታስጠጉበት ይይዛል።

ለመቆየት ብቁ መሆኑን ቧንቧ ሠራተኛው ባለበት አይተናል። መቀመጫው ስንጥቅ የለበትም። ፍላሹ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምረን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወረደ። ይህም የፍላሹ ጎማ ማለቁን ያሳያል፣ ጎማ ደግሞ በትንሽ ዋጋ ይቀየራል። የእጅ መታጠቢያው ጤነኛ ነው። ባኞው ጠርዝ ላይ የተላጠ ቦታ አለው፤ ብረቱ እንዳይዝግ ማሸግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ነጭ ዕቃ ለመግዛት ስንነሳ ዋጋ ብለን የምናስበው የሱቁን ዋጋ ነው። መዝገብ ላይ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። መቀመጫው ሲነሳ ወለሉ ይሰበራል። የአዲሱ መቀመጫ መውጫ ከድሮው ቧንቧ ጋር ካልገጠመ ቧንቧው ይቆፈራል። ባኞው ሲወጣ የግድግዳው ልስን አብሮ ይረግፋል። ከዚያ «አንዴ ከተጀመረ» ተብሎ ግድግዳው ሁሉ ሴራሚክ ይሁን ይባላል። ክፍሉ 2.40 ሜትር በ1.80 ነው። አራቱንም ግድግዳ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ሴራሚክ ብናለብስ፣ በሩ ተቀንሶ 15.2 ካሬ ሜትር ይመጣል። ውሃ በሚረጭበት በባኞው ሦስት ጎን ብቻ፣ ከጠርዙ በላይ 1.50 ሜትር ብናለብስ ግን 4.8 ካሬ ሜትር ይበቃል። ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሌላው ግድግዳ በሚታጠብ ዘይት ቀለም ይሸፈናል።

ውበቱስ? ይህን ከቀለም ቀቢው ጋር ብዙ ተነጋግረንበታል፤ በየቤታችሁም ስለሚጠቅም ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የማይቀየረው ዕቃ ቀለም አለቃ ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላል። ወደ ቀለም ሱቅ ስትሄዱ በቃል አትንገሩ፤ ከዕቃው ጋር የሚመሳሰል ጨርቅ ወይም ክር ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛ፣ ግድግዳውን ያንኑ አረንጓዴ ለመቀባት አትሞክሩ። በትንሹ የተለየ አረንጓዴ አጠገቡ ሲቆም ሁለቱም የቆሸሹ ይመስላሉ። ወይ በጣም የራቀ ቀለም ይሁን፣ ወይ ዝም ያለ። ቀዝቃዛ የሆስፒታል ነጭም አይስማማውም፤ አረንጓዴውን ያገረጣዋል። የሚስማማው ክሬም፣ የደረሰ ስንዴ፣ የሸክላ ቡናማና የእንጨት ቀለም ነው። የባሌን ስንዴ በመከር ሰዓት ያየ ሰው አረንጓዴና ወርቃማ እንዴት እንደሚዋደዱ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ ቀለሙን ትንሽ ቦታ ላይ ቀብታችሁ ቀንም ማታም እዩት። ነጣ ሰማያዊ ብርሃን ያለው አምፖል አረንጓዴውን አመድ ያስመስለዋል፤ ቢጫ ቀላቅሎ የሚያበራው ያሞቀዋል። ከሁሉም ለውጥ ርካሹ አምፖል ነው።

አራተኛ፣ ሦስት ቀለም ይበቃል። ግድግዳው ክሬም፣ ወለሉ የማያንሸራትት ቡናማ ሴራሚክ፣ ሦስተኛው የዕቃው አረንጓዴ ነው። መጋረጃው አቡጀዲ ይሁን፣ ከውስጥ በኩል ላስቲክ ይኑረው። የመስተዋቱ ፍሬም እንጨት ሆኖ ቫርኒሽ ይቀባ። አባሎቻችን የሚሰፉትን ሰፌድ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ ግን እንፋሎትና ውሃ ሣሩን ስለሚያበሰብሰው ከባኞው ርቆ በበሩ በኩል ይሁን። አንዲት ስልጠና የምትመጣ እናት ሰፌዱን አይታ «ይህን ማን ሰፋው?» ብትል፣ ያ ለገበያችንም ይጠቅማል።

አምስተኛ፣ ጽዳት። አሲድ ወደዚህ ክፍል አይግባ፤ የባኞውን ኢናሜል ይበላዋል። አሸዋና የብረት መፈተጊያም ይቧጥጠዋል። ለስላሳ ስፖንጅና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የመቀመጫውን ቅርፊት ኮምጣጤ ያለሰልሰዋል። ይህን ደግሞ ለልጆቻችሁና ለሠራተኞቻችሁ ንገሩልኝ፤ በረኪናና አሲድ፣ ወይም በረኪናና ኮምጣጤ በፍጹም አይቀላቀሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

አረንጓዴውን በመያዝ የምናጣው ነገርም አለ፤ እሱን መደበቅ የሒሳብ ሰው ሥራ አይደለም። የድሮ ፍላሽ ውሃ ይበላል። የእኛን በሊትር ጆግ ለክተነው 11 ሊትር ሆነ። አሥር እናቶች በቀን አራት አራት ጊዜ ቢጠቀሙ 440 ሊትር፣ ማለትም 22 ጀሪካን ነው። ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ዝቅ አድርገን፣ ውሃ የተሞሉ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ፍላሹ ውስጥ ስናስቀምጥ ወደ 8 ሊትር ወረደ። ያ በቀን ስድስት ጀሪካን ያተርፋል። ስድስት ሊትር የሚጠቀም አዲስ መቀመጫ ብንገዛ ተጨማሪ አራት ጀሪካን ይተርፍ ነበር። ያን ክፍተት የምንሞላው በባኞው ነው። መውረጃው ተዘግቶ ሲታጠቡበት ውሃውን ይይዛል፤ ያ ውሃ በባልዲ ተቀድቶ ለመቀመጫው ይሆናል። ባኞውን አውጥተን ብንጥለው ይህን ውሃ የሚይዝልን ነገር የለም። ሦስት ወር እንሞክረው፤ መቀመጫው በ8 ሊትር በደንብ ካልጸዳ እሱን ብቻ በነጭ እንቀይራለን። አንድ ነጭ ዕቃ በሁለት አረንጓዴ መካከል፣ ግድግዳው ክሬም እስከሆነ ድረስ፣ ነውር አይሆንም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ባለፈው ስልጠና ያደሩት እናቶች ጠዋት በአንድ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቧንቧው ጠፍቶ ስለነበር ከመካከላቸው ሁለቱ ጨለማ ሳይገፍ ከግቢው ውጭ ሄዱ። እነዚያ እናቶች ያስፈለጋቸው ውሃና ሁለተኛ በር ነበር። ስለ መቀመጫው ቀለም አንዳቸውም ቅሬታ አላቀረቡም። ሁሉንም ነጭ እናድርግ ካልን ገንዘቡ በዚያች ክፍል ያልቃል፤ ክፍሉ ያምራል፣ ሰልፉ ይቀጥላል፣ ቧንቧ በጠፋ ቀን ነጩም መቀመጫ ይሸታል።

ስለዚህ ለድምፅ የማቀርበው አራት ነጥብ ነው።

1. አረንጓዴው ዕቃ ባለበት ይቆይ፤ የፍላሹ ጎማ ይቀየር፣ የባኞው ጠርዝ ይታሸግ።

2. ሴራሚክ በባኞው ዙሪያና በወለሉ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ግድግዳ ክሬም ዘይት ቀለም ይቀባ።

3. የሚተርፈው ገንዘብ 2,000 ሊትር ለሚይዝ ሮቶና በጓሮ በኩል ለሚሠራ ሁለተኛ ሽንት ቤት ይዋል። ለውዱዕ እንዲመች ከበሩ ውጭ አንድ ዝቅ ያለ ቧንቧ ይጨመር።

4. እያንዳንዱ ደረሰኝ በቢሮአችን ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለጋሾቻችንም ቅጂው ይድረሳቸው።

ጥያቄ ያላት አባል አሁን ትጠይቅ። ቤቱን ያላየች ካለች ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ከምሳ በፊት አብረን ሄደን አይተን ተመልሰን ድምፅ እንስጥ።